ኩላሊትና የአምቦ ውኃ፦ አንድ የፊዚክስ መምህር ከጠጠር የተማረው

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የመንገደኛውንም ልማድ ያውቃል። በማለዳ መናኸሪያ የሚገኝ ተሳፋሪ ውኃ አይጠጣም፤ ሻይም ቢቀርብለት ግማሹን ትቶ ይነሣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚንና ጊንጪን አልፎ አምቦ እስኪደረስ ድረስ በሰው ፊት ተነሥቶ ረዳቱን «አንዴ አስቁምልኝ» ማለት ያሳፍራል፤ ለሴቶች ደግሞ ማሳፈሩ ብቻ ሳይሆን ከወረዱ በኋላ የሚሸሸጉበት ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ችግር ነው። እኔም በዚህ መንገድ ለዓመታት ስመላለስ ይህን ልማድ አጥብቀው ከያዙት አንዱ ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበጋ ቀን፣ አውቶቡሳችን ጊንጪን ሲያልፍ፣ ከግራ ጎኔ በስተጀርባ ተነሥቶ ወደ ብሽሽቴ የሚወርድ ሕመም ያዘኝ። ብቀመጥም፣ ብቆምም፣ ብጎነበስም የሚያስታግሰው ነገር አልነበረም። አምቦ ደርሼ በአልትራሳውንድ ስመረመር አራት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠጠር ከግራ ኩላሊቴ ወርዶ ወደ ፊኛ መግቢያው ላይ ተሰንቅሮ ተገኘ። ሐኪሙ ያቀረቡልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «በቀን ስንት ብርጭቆ ውኃ ይጠጣሉ?» የሚል ነበር። የፈሳሾችን ግፊትና ፍሰት ለተማሪዎች ሳስተምር ዓመታት ያሳለፍኩት ሰው መልስ አጣሁ።

ማታውን በሰፈራችን «አዴ» ብለን የምንጠራቸው አንዲት ጎረቤቴ ሁለት ጠርሙስ የአምቦ ውኃ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። «ይህን ጠጣ ልጄ፤ ጠጠሩን አሟምቶ ያወጣልሃል። እኔም ኩላሊቴን የማጥበው በእሱ ነው» አሉኝ። ከባሕር ማዶ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ሰፈሩ «ዶክተር» ብሎ ሲጠራኝ፣ መድኃኒት የማያዝዝ ዶክተር መሆኔን አስቀድመው የተረዱት እኚሁ ሴት ስለነበሩ ለመከራከር ድፍረቱ አልነበረኝም። ውኃውንም ጠጣሁ። ጠጠሩም በሦስተኛው ቀን ወጣ። ይሁን እንጂ ያወጣው የአምቦ ውኃ ነውን? ኩላሊትስ በእርግጥ የሚታጠብ ነገር ነውን? ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት በሥርዓተ ሽንት ውስጥ የምናደርገው ጉዞ ነው።

አካላቱና ቦታቸው

ሥርዓተ ሽንት አራት ዐይነት ክፍሎች አሉት። እነሱም ሁለት ኩላሊቶች፣ ከእያንዳንዱ ኩላሊት የሚወርዱ ሁለት የሽንት አውራጅ ቱቦዎች፣ አንድ የሽንት ፊኛና አንድ የሽንት መውጫ ቧንቧ ናቸው። ኩላሊት የባቄላ ፍሬ ቅርጽ አለው። ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 150 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ፣ ከአከርካሪ ግራና ቀኝ፣ በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ከለላ ሥር ተቀምጠዋል። ከቀኙ በላይ ትልቁ ጉበት ስላለ የቀኙ ኩላሊት ከግራው ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል።

የሁለቱ ክብደት ቢደመር ከሰውነታችን ክብደት ግማሽ በመቶ ያህል ነው። ሆኖም ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው አምስት ሊትር ያህል ደም ውስጥ አንድ አምስተኛው፣ ይኸውም አንድ ሊትር ገደማ፣ ወደ እነዚህ ሁለት ትንንሽ አካላት ይሄዳል። ኩላሊት ይህን ሁሉ ደም የሚቀበለው ለራሱ ምግብ ብቻ ብሎ አይደለም፤ አጣርቶ ሊመልሰው ነው።

በግፊት የሚሠራ ወንፊት

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን የሚባሉ ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉ። የእያንዳንዱ ኔፍሮን መነሻ ግሎሜሩለስ የሚባል የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅልል ሲሆን፣ ጥቅልሉን የቦውማን ከረጢት የተባለ ሽፋን ይታቀፈዋል።

ጉሽ ጠላ በጨርቅ ሲጠለል ያየ ሰው የኩላሊትን የመጀመሪያ ሥራ አይቷል ማለት ይቻላል። አተላው በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ተገፍቶ ያልፋል። በኩላሊት ውስጥ ጨርቁ የደም ሥሩ ግድግዳ ነው፤ የደም ሕዋሳትና ትልልቅ ፕሮቲኖች ወደኋላ ይቀራሉ፤ ውኃ፣ ጨው፣ ስኳርና ዩሪያ ያልፋሉ። ገፊው ደግሞ የልብ ምት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በግሎሜሩለስ ውስጥ ያለው የደም ግፊት 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። በደሙ ውስጥ የቀሩት ፕሮቲኖች ውኃውን ወደኋላ በ32 ያህል ይስቡታል፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽም በ18 ያህል ይመልሰዋል። ስለዚህ ለማጣራት የሚተርፈው ግፊት 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው። ይህ 13.6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው የውኃ ዐምድ ግፊት ጋር እኩል ነው፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። በዚህች ኢምንት ግፊት ሁለቱ ኩላሊቶች በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ። ይህ ሃያ ሊትር በሚይዙት ቢጫ ጀሪካኖች ቢቀዳ ዘጠኝ ጀሪካን ይሞላል። የደማችን ፈሳሽ ክፍል ሦስት ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ይኸው ፈሳሽ በቀን ስልሳ ጊዜ ያህል ይጣራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ሕግ ማስታወስ ይጠቅማል። በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይለዋወጣል። ስለሆነም የግፊቱ ልዩነት ሳይለወጥ የቱቦው ሬዲየስ በአሥር በመቶ ቢጠብብ፣ ፍሰቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ኩላሊት ወደ ግሎሜሩለስ የሚገባውንና ከእሱ የሚወጣውን ደም ሥር በጥቂቱ እያጠበበና እያሰፋ፣ የሰውነት የደም ግፊት ከፍና ዝቅ ቢልም የማጣራቱን ሥራ ሳይዋዥቅ ይቀጥላል። ይህ ተቆጣጣሪ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ሁሉን አውጥቶ፣ የሚፈለገውን መመለስ

ዘጠኝ ጀሪካን ተጣርቶ የሚወጣው ሽንት ግን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። የቀረው ወዴት ሄደ?

ለእንቁጣጣሽ ቤቷን የምታጸዳ ባለሙያ ሴት ቆሻሻውን ከየጥጋቱ እየፈለገች አትለቅምም፤ ዕቃውን ሁሉ ወደ ግቢ ታወጣና የምትፈልገውን ብቻ መልሳ ታስገባለች። ኩላሊትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ከግሎሜሩለስ ያለፈው ፈሳሽ በኔፍሮኑ ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ፣ ከውኃውና ከጨው 99 በመቶ ያህሉ፣ በጤነኛ ሰው ላይ ከስኳሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይመለሳል። ዩሪያ ግን ግማሹ ያህል ይወጣል። የዚህ አሠራር ጥቅም ትልቅ ነው። ሰውነት ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ባዕድ ነገር እንኳ ወደ ደም ቢገባ፣ በወንፊቱ ማለፍ እስከቻለና መላሹ እስካልፈለገው ድረስ ይወገዳል።

መመለሱ ግን ነጻ አይደለም። በቱቦው ግድግዳ ያሉ ሕዋሳት ሶዲየምን የሚመልሱት ኃይል እያወጡ ነው፤ ውኃውና ሌላው ብዙ ነገር ሶዲየምን ይከተላል። የመመለሱ አቅምም ወሰን አለው። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው የተጣራው ስኳር ከዚህ ወሰን ሲያልፍ የተረፈው ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ሲወጣም ውኃን ይዞ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ መሽናትና ጥም የዚህ ሕመም ምልክት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ኩላሊት ሽንት ከማዘጋጀት ሌላም ሥራ አለው። ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር በመልቀቅ የደምን ግፊት ይቆጣጠራል፤ ኤሪትሮፖይቲን በተባለ ሆርሞን አማካይነት መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ ያዝዛል፤ ቫይታሚን ዲ ሥራ ላይ ወደሚውልበት መልኩ የሚለወጠውም በእሱ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸው የሚያንሰውና አጥንታቸው የሚሳሳው ስለዚህ ነው።

ሽንትን የማወፈር ጥበብ

ውኃ የማይጠጣው መንገደኛ በአውቶቡሱ ውስጥ ሳለ ኩላሊቱ ምን ያደርጋል? ውኃን ይቆጥባል። ይህም የሚከናወነው የሄንሌ ጥምዝ በሚባለው የኔፍሮኑ ክፍል ነው። ጥምዙ ወደ ኩላሊት ውስጥ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ በሁለቱ ክንዶች ያለው ፈሳሽ ጎን ለጎን ሆኖ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛል። መሐንዲሶች ሙቀትን ከአንድ ፈሳሽ ወደ ሌላው ለማሸጋገር ሁለት ቧንቧዎችን በተቃራኒ ፍሰት ጎን ለጎን የሚዘረጉት በዚሁ መርሕ ነው፤ ትንሽ ልዩነት በየደረጃው እየተደራረበ ትልቅ ልዩነት ይሆናል። ወደ ላይ የሚወጣው ክንድ ጨውን እያወጣ በዙሪያው ስለሚያከማች፣ የኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል ከደም አራት እጥፍ ያህል የጨዋማነት ደረጃ ይደርሳል።

ውኃ ሲያንስ አንጎል ውኃ ቆጣቢ ሆርሞን ይለቃል፤ የመጨረሻው ቱቦ ግድግዳ ለውኃ ይከፈታል፤ ውኃውም በኦስሞሲስ ወደ ጨዋማው ክፍል ተስቦ ወደ ደም ይመለሳል። ሽንቱ ያንሳል፤ ይወፍራል፤ ቀለሙም ይጠቁራል። ኩላሊት ሕይወታችንን ያተርፋል፤ ዕዳው ግን በሽንቱ ውስጥ ይከማቻል።

ከኩላሊት እስከ ደጅ

የተዘጋጀው ሽንት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝሙት ሁለት ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። የሚወርደው ግን በመሬት ስበት ብቻ አይደለም። የቱቦዎቹ ጡንቻዎች በማዕበል መልክ እየተኮማተሩ ይገፉታል፤ ስለዚህ ተኝተንም ሽንት ወደ ፊኛ ይደርሳል። ጠጠር መንገዱን ሲዘጋው ይህ ማዕበል ይበረታል፤ ከኋላው የተጠራቀመው ሽንትም ቱቦውንና ኩላሊቱን ይወጥራል። ጊንጪ ላይ ያገኘኝ ሕመም መነሻው ይኸው ነበር።

ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አስደናቂው ነገር፣ እየሞላ ሲሄድ ግድግዳው ስለሚላላ በውስጡ ያለው ግፊት ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ መቆየቱ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ባይሆን ሽንት ወደ ኩላሊት ይመለስ ነበር። የሽንት መውጫው ቧንቧ በሴቶች 4 ሴንቲ ሜትር፣ በወንዶች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሴቶቹ ማጠር ለባክቴሪያ መንገዱን ስለሚያሳጥር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በሴቶች ላይ ይበዛል። ለጥቂት ሰዓት ሽንት መያዝ ብቻውን ጤናማን ሰው አያሳምምም፤ ነገር ግን ውኃ ሳይጠጡና ሽንት ይዘው መዋልን ልማድ ያደረጉ ልጃገረዶች ይህን ሕመም ሊቀበሉት እንደተዘጋጁ ይቆጠራል። መጸዳጃ ቤቱ የማይዘጋ ወይም ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ የሚያወርሰው ሕመም አለ።

ስለ ፊኛ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በዞናችን ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ፣ ወደ ቆላው ሲወርድ በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆው የሽንት ቢልሃርዚያ ሲመዘገብበት የኖረ ወንዝ ነው። የትሉ እንቁላሎች በፊኛ ግድግዳ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሽንትም ደም ይቀላቅላል። ሕመምተኛው በውኃ ውስጥ ሲሸና እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉ፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብተው ወደሚቀጥለው ዋናተኛ ይሻገራሉ። በሽንት ላይ ደም ያየ ሰው፣ ሕመም ቢሰማውም ባይሰማውም፣ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።

የጠጠር ስሌት

ጠጠር የሚፈጠረው ሽንት ሊያሟማ ከሚችለው በላይ ማዕድን ሲይዝ ነው። ትኩስ ሻይ ውስጥ የተጨመረ ብዙ ስኳር ሻይው ሲቀዘቅዝ ከሥር እንደሚቀር ማለት ነው። ከኩላሊት ጠጠሮች ብዙዎቹ የካልሲየም ኦክሳሌት ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መገናኘት ስላለባቸው፣ የመዝቀጡ ዝንባሌ የሚለካው በካልሲየሙና በኦክሳሌቱ ክምችት ብዜት ነው። የሽንቱ መጠን በግማሽ ቢቀንስ የእያንዳንዳቸው ክምችት እጥፍ ይሆናል፤ ብዜታቸው ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ውኃ የማይጠጣ መንገደኛ ያልቆጠረው ሒሳብ ይህ ነው። ጠጠር አንድ ጊዜ የያዘው ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እንዲሸና የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአምስት ሚሊ ሜትር የሚያንስ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ትልቁን ያለ ቀዶ ጥገና በድንጋጤ ሞገድ መሰባበር የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመን ሙኒክ ከተማ ነበር። መሣሪያው የመጣውም ዶርኒየር ከተባለ የአውሮፕላን ሠሪ ድርጅት ዘንድ መሆኑ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ትንሽ ኩራት ይሰጠናል።

ስለ አምቦ ውኃ

እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የአምቦ ውኃ ጋዙን ያገኘው ከተፈጥሮ ነው። ከምድር ጥልቀት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ዐለቱን እያሟሟ ቢካርቦኔት፣ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ከብቶች ሆራ የሚወርዱት ለማዕድኑ ብለው ነው፤ ሰውም እንደዚያው።

አስገራሚው ነገር፣ ይኸው ኬሚካላዊ ለውጥ በኩላሊታችን ውስጥ ሌሊትና ቀን መካሄዱ ነው። ኩላሊት የደምን አሲድነት የሚያስተካክለው ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውኃን አዋሕዶ ቢካርቦኔትን ወደ ደም፣ አሲዱን ወደ ሽንት በመላክ ነው። በቀን ተጣርቶ የሚመለሰው ቢካርቦኔት በመጋገሪያ ሶዳ ቢመነዘር ከአንድ ሦስተኛ ኪሎ ግራም ይበልጣል። በዚህ ሚዛን ላይ አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውኃ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ትርፉንም ጤነኛ ኩላሊት ወደ ሽንት ያስወጣዋል። ጋዙ ደግሞ ከፊሉ በግሳት፣ ከፊሉ በሳንባ ይወጣል እንጂ ኩላሊት ደርሶ ጠጠር አይገፋም።

እንግዲህ ወደ አዴ አባባል እንመለስ። ቢካርቦኔት የሽንትን አሲድነት ይቀንሳል። ከዩሪክ አሲድ የተሠራ ጠጠር አሲድነቱ በቀነሰ ሽንት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል፤ ሐኪሞችም ለዚህ ዐይነት ጠጠር ተመሳሳይ ይዘት ያለው መድኃኒት ያዝዛሉ። የሚበዛው የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ግን በዚህ አይሟሟም፤ የፎስፌት ጠጠር ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ አዴ በከፊል ትክክል ናቸው፤ በአመዛኙ የረዳኝ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ማዕድን ሳይሆን ራሱ ውኃው፣ የጠጠሩ ትንሽነትና ሦስት ቀን ነው። የቧንቧ ውኃ ቢሆንም ያው ነበር። «ኩላሊትን ማጠብ» የሚለው አነጋገርም ከእውነቱ ይርቃል፤ አጣቢው ራሱ ኩላሊት ነውና።

ዝም ብሎ የሚደክም አካል

ጠጠር ይጮኻል፤ ስለዚህ ሰውን ወደ ሐኪም ያደርሰዋል። የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው። ከፍተኛ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያንን ረቂቅ ወንፊት ለዓመታት ያለ አንዳች ሕመም ይቦጫጭቁታል። ፕሮቲን ወደ ሽንት ማለፍ ይጀምራል፤ ሽንት አረፋ ያበዛል፤ እግርና ፊት ያብጣሉ። በደም ውስጥ ክሬያቲኒን የተባለው ቆሻሻ በግልጽ ከፍ ብሎ የሚታየው ከኩላሊት አቅም ግማሹ ያህል ከጠፋ በኋላ ነው። ለወገብ ሕመም እየተባለ ሳይታዘዝ የሚወሰደው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ወደ ወንፊቱ የሚገባውን ደም ሥር ስለሚያጠብቡ በደከመ ኩላሊት ላይ ጉዳቱን ያፋጥናሉ። ያ የአራተኛ ርቢ ሕግ እዚህ ላይ ምሕረት አያደርግም።

ኩላሊት ፈጽሞ ሲደክም የሚቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሴሎፎን ቱቦ የጀመሩት እጥበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ዕድሜ ልክም ይቀጥላል። ሁለተኛው ንቅለ ተከላ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1954 በቦስተን በመንታ ወንድማማቾች መካከል ተደረገ። በአገራችን የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ ኩላሊቱ የሚገኘው በሕይወት ካለ የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ባሕር ማዶ ይሄድ ነበር። አቅም የሌለውን ደግሞ በየከተማው፣ ፎቶግራፉ በተለጠፈበት መኪና ላይ በድምፅ ማጉያ እርዳታ ሲጠየቅለት ሁላችንም ሰምተናል። በድምፅ ማጉያ የሚጠየቀው ገንዘብ፣ ከዓመታት በፊት በጥቂት ደቂቃ የደም ግፊት ልኬትና በአንዲት የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ሊተርፍ ይችል የነበረ መሆኑን ሳስብ አዝናለሁ።

አዴን «ኩላሊትዎን የሚያጥቡት ምን ሆነው ነው?» ብዬ የጠየቅኳቸው ከዳንኩ በኋላ ነበር። «ማታ ማታ እግሬ ያብጣል» አሉኝ። ጊዜ አልሰጠሁም፤ በማግሥቱ አብሬያቸው ሄድኩ። የደም ግፊታቸው ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በሽንታቸውም ፕሮቲን ታየ። በሶዲየም የበለጸገውን ውኃ «ለኩላሊት» ብለው አዘውትረው መጠጣታቸው እየጎዳቸው እንጂ እየረዳቸው አልነበረም። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዙላቸው፤ ጨው እንዲቀንሱ፣ የአምቦውንም ውኃ ለእንግዳ እንዲተዉት መከሯቸው። ዛሬም ክትትላቸውን አላቋረጡም፤ ኩላሊታቸውም ሥራውን ይሠራል።

እኔም ከአዲስ አበባ ስነሣ የውኃ ጠርሙስ እይዛለሁ። ኦሎንኮሚ ወይም ጊንጪ ላይ ተነሥቼ ረዳቱን «አንዴ አስቁምልኝ» እላለሁ። የመጀመሪያው ሰው መነሣት ያፍራል እንጂ፣ እሱ ከወረደ በኋላ አውቶቡሱ ግማሽ ያህል ባዶ ሲሆን አይቻለሁ።